«ኤኒ»፣ «ኤቭሪ» እና «ኢዘር» በመሐንዲስ እጅ

(በሳጉሬ ከተማ በተደረገ የአባላት የውይይት ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ገጠር ጠጠር መንገድ አንድ ነገር እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር። እኔም ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ልናገር ብዬ ስመልስላቸው ቀልድ መስሏቸው እንደ ነበር ኋላ ሰምቻለሁ። ቀልድ አይደለም። የማቀርበው ነገር ስለ መንገድም ነው፤ መንገዱም ከዚህ ከተቀመጥንበት አዳራሽ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን መንገዱ የተበላሸው በአፈሩ ወይም በጠጠሩ ጥራት ማነስ ሳይሆን በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ስለ ሆነ፣ ከቃሏ መጀመር ግድ ሆኖብኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከሳጉሬ ወጣ ብሎ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ አጭር የጠጠር መንገድ ሲሠራ፣ በአሠሪው ወገን ከነበሩት መሐንዲሶች አንዱ እኔ ነበርሁ። የአገሩን አቀማመጥ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በምሥራቅ በኩል ዳገቱ አለ፤ በምዕራብ በኩል መሬቱ ወደ ቀጠር ወንዝ እያዘቀዘቀ ይሄዳል፤ ወንዙም ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከዳገቱ ወርዶ መንገዱን ሳይሻገር የሚያልፍበት ሌላ አቅጣጫ የለውም። ስለሆነም የመንገዱ ሕይወት በጎርፍ መውረጃው ቦይ ላይ የተመሠረተ ነበር።

በእንግሊዝኛ የተጻፈው የሥራ ዝርዝር ስለ ቦዩ የሚናገረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ ቦዩ «ኦን ኢዘር ሳይድ ኦፍ ዘ ሮድ» እንዲቆፈር ያዝዛል። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ውሉ ከመፈረሙ በፊት አንብቤዋለሁ። በአእምሮዬም «በመንገዱ ግራና ቀኝ» ብዬ ተርጉሜ አልፌዋለሁ። ተቋራጩ ደግሞ «ከሁለቱ ጎኖች በአንዱ» ብሎ አነበበው። ከዚያም የዳገቱ ጎን ድንጋያማ ስለ ነበር፣ አፈሩ ለስላሳ የሆነውን የታችኛውን ጎን መርጦ ቆፈረ።

ይህን ስትሰሙ ብዙዎቻችሁ «የሥራ መጠን ዝርዝሩ የቦዩን ርዝመት አይናገርም ወይ? ሥዕሉስ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የቦዩ ሥራ በጥቅል ዋጋ የተያዘ ስለ ነበር በሜትር የተጻፈ ርዝመት አልነበረም። የመንገዱ የቁርጥ ሥዕልም፣ ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት ናቸው በሚል እሳቤ፣ ከመካከለኛው መስመር ወዲህ ግማሹን ብቻ የሚያሳይ ነበር። በዚህ ምክንያት ክርክሩ ሁሉ ተመልሶ የወደቀው በዚያች በአንዲት ቃል ላይ ነው። መዝገበ ቃላት ተገለጠ። መዝገበ ቃላቱም ለሁለታችንም ፈረደልን፤ «ኢዘር» የሚለው ቃል «ከሁለቱ አንዱ» ማለት እንደ ሆነ፣ ደግሞም ስለ ጎን፣ ስለ ጫፍና ስለ ወንዝ ዳር ሲነገር «ሁለቱም በየራሳቸው» ማለት እንደ ሆነ ይገልጻልና። አሻሚ ቃል በጻፈው ወገን ላይ ይተረጎማል የሚለው በብዙ አገሮች የውል ሕግ የታወቀ መመሪያ ነው። የጻፍነው ደግሞ እኛ ነበርን።

ክርክሩ በደብዳቤ ሲመላለስ ክረምቱ ገባ። ውኃው ከዳገቱ ወርዶ፣ የሚቀበለው ቦይ በማጣቱ መንገዱን በሦስት ቦታ ሰንጥቆ ተሻገረ፤ ጠጠሩንም ይዞ ከታች ባለው የአንድ ገበሬ የገብስ ማሳ ላይ አራገፈው። ገበሬው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ማሳውን ለማየት በሄድሁ ጊዜ ነገሩን በኦሮምኛ አስረዳኋቸው፤ ቃሉ ሁለት ትርጉም እንዳለው፣ አንዱ ወገን አንዱን፣ ሌላው ወገን ሌላውን እንደ ያዘ ነገርኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ወረቀት የጻፉት እንግሊዞች ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። አይደሉም አልኋቸው። «የሚያነቡትስ?» አሉኝ። እነሱም አይደሉም አልሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁኝም።

የእኚህ ሰው ጥያቄ ለአርሲ አዲስ አይደለም። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ «ካዱ» የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ ሲቋቋም፣ ስዊድናውያኑ የአፍ መፍቻቸው ስዊድንኛ፣ የእኛዎቹ ባለሙያዎች አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ሌላ ነበር። ጥናቱና ዘገባው የታተመው ግን ለሁለቱም ወገን ባዕድ በሆነው በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬም ቢሆን የኢትዮጵያ፣ የቻይናና የሌላ አገር ድርጅቶች በአንድ መንገድ ሥራ ላይ ሲገናኙ የሚፈራረሙት በእንግሊዝኛ ነው። የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፊዲክ፣ ባዘጋጃቸው የውል ሁኔታዎች የበላይ ሆኖ የሚያገለግለው ቋንቋ በውሉ እንዲገለጽ ይደረጋል፤ በእኛ አገር ዓለም አቀፍ ጨረታዎችም ያ ቋንቋ ዘወትር እንግሊዝኛ ነው። በሕግ ረገድ ነገሩ የተለየ ነው። ሕገ መንግሥቱ የመጨረሻውን የሕግ ኃይል ለአማርኛው ቅጂ ሰጥቷል፤ በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጡ ሕጎችም አማርኛውና እንግሊዝኛው ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። መሐንዲሱ ግን ይህ መጠጊያ የለውም። በእንግሊዝኛው ይከሰሳል፤ በእንግሊዝኛውም ይፈረድበታል።

እንግዲህ ሰዋስዋውያን «ያልተወሰኑ ተውላጠ ስሞች» ወደሚሏቸው ልለፍ። እነዚህ ቃላት አንድን የታወቀ ሰው ወይም ነገር ሳይጠቁሙ ስለ ማንነት፣ ስለ ብዛት ወይም ስለ ምርጫ የሚናገሩ ናቸው። በእኛ ቋንቋ ማንም፣ ማንኛውም፣ ሁሉም፣ እያንዳንዱ፣ አንዳንዱ፣ ምንም የምንላቸው ናቸው። በእንግሊዝኛ ከስም ፊት ቅጽል ሆነው ሲገቡ ሌላ የሰዋስው ስም ይሰጣቸዋል፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ልዩነቱ ብዙ ስለማያመጣ በአንድነት እናገራቸዋለሁ።

በትምህርት ቤት በብዛት የተማርነው ስለ ነጠላና ብዙ ቁጥር ነው። «ኢች»፣ «ኤቭሪዋን»፣ «ኤኒባዲ»፣ «ኖባዲ» በነጠላ ግስ ይታሰራሉ። ይህን ለመያዝ ብዙዎቻችን ሰንጠረዥ ሸምድደናል። ነገር ግን ሰንጠረዡ ከራሳችን ቋንቋ ውስጥ አለ። «ሁሉም ሰው መጣ» እንላለን እንጂ «ሁሉም ሰው መጡ» አንልም። «እያንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዙን ተቀበለ» እንላለን። «ሁሉም መጡ» ስንል ግን ግሱ ወደ ብዙ ቁጥር ይሄዳል። የመጀመሪያው «ኤቭሪዋን» ነው፤ የመጨረሻው «ኦል» ነው። አማርኛው ነጠላ ሲሆን እንግሊዝኛውም ነጠላ ነው ብሎ የያዘ ተማሪ ከዘጠኝ ቦታ በላይ አይሳሳትም ለማለት እደፍራለሁ። የሚያሳስተን በመካከል የሚገባው የብዙ ቁጥር ስም ነው። «ኢች ኦፍ ዘ ብሪጅስ» ስንጽፍ ዓይናችን በድልድዮቹ ላይ ይቀርና ግሱን ብዙ እናደርገዋለን። «ነን» የሚለው ደግሞ ዘወትር ነጠላ ነው ተብሎ የተማርነው ከመጠን በላይ የጠበቀ ነው፤ ስለ ሲሚንቶ ሲነገር ነጠላ፣ ስለ ከረጢቶቹ ሲነገር ነጠላም ብዙም ሆኖ በጥሩ ጸሐፊዎች ዘንድ ይገኛል። ከ«ኤቭሪዋን» በኋላ «ሂዝ» ወይስ «ዜር» ይባላል በሚለው ጉዳይም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ብዙ ተከራክረዋል፤ ዛሬ «ዜር» የተለመደ ሆኗል። በእነዚህ ነገሮች የተሳሳተ ሰው ያፍር ይሆናል እንጂ መንገድ አይፈርስበትም።

መንገድ የሚያፈርሰው ሌላው ነው፤ ይኸውም አሉታ ነው።

በአማርኛ አሉታ የሚቀመጠው በግሱ ላይ ነው። «ማንም አልመጣም» ስንል «ማንም» የሚለው ቃል ብቻውን አሉታ የለውም፤ «ማንም ይምጣ» ለማለትም ይኸው ቃል ያገለግላልና። በዚህ በአርሲ ከአማርኛው ጋር አብረን ያደግንበት ኦሮምኛም እንዲሁ ነው፤ «ነምኒ ቶኮ ኢሌ ህን ዹፍኔ» ሲባል አሉታውን የተሸከመው ከግሱ ጋር የሚሄደው «ህን» ነው። ስለዚህ ከእኛ መካከል ሁለት ቋንቋ የምንችለው ሁለት ጊዜ ተገፍተን ወደ አንድ ስሕተት እንገባለን። «ኤኒባዲ ዲድ ኖት ካም» ብለን እንጽፋለን። እንግሊዝኛ ግን በዚህ ቦታ አሉታውን ወደ ተውላጠ ስሙ አንሥቶ ግሱን አዎንታ ያደርገዋል፤ «ኖባዲ ኬም» ይላል። በየግንባታው በር ላይ «ኤኒ ፐርሰን ሻል ኖት ኤንተር» የሚል ሰሌዳ ያየ ሰው የጸሐፊውን አገር ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

የዚህን ልዩነት ታላቅ ምሳሌ በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ሁለት ቅጂዎች ውስጥ ማየት ይቻላል። በሕይወት ስለ መኖር መብት ሲናገር እንግሊዝኛው «ኤቭሪ ፐርሰን» ይላል፤ ከሕግ ውጭ ነፃነትን ስለ ማጣት ሲናገር ደግሞ «ኖ ዋን» ይላል። አማርኛው በሁለቱም ቦታ «ማንኛውም ሰው» ይልና ልዩነቱን ለግሱ ይተወዋል፤ በአንደኛው «አለው»፣ በሁለተኛው «አያጣም» ይላል። ተርጓሚዎቹ ቃል በቃል አልሄዱም፤ በየቋንቋው ባሕርይ ሄደዋል። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ግን እንዲህ አናደርግም።

የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት ለአንድ አነስተኛ ድልድይ የተወሰዱ ዘጠኝ የኮንክሪት ኪዩቦች ተፈትነው ሰባቱ አለፉ፣ ሁለቱ ወደቁ። በዘገባዬ ላይ፣ ሁሉም አላለፉም ለማለት አስቤ፣ «ኦል ዘ ኪዩብስ ዲድ ኖት ፓስ» ብዬ ጻፍሁ። የአማርኛው አነጋገር ራሱ አሻሚ መሆኑን ልብ በሉ፤ «ሁሉም አላለፉም» ሲባል አንድም አላለፈም ማለት ሊሆን ይችላል፣ ያላለፉ አሉ ማለትም ሊሆን ይችላል። በአፍ ሲነገር ድምፃችን ይለየዋል። በወረቀት ላይ ድምፅ የለም። ዘገባውን ያነበበው ክፍል ኪዩቦቹ በሙሉ እንደ ወደቁ ተረድቶ ሥራውን አስቆመ። የተፈሰሰውም ግንብ እንዲፈርስ የሚያዝዝ ደብዳቤ ተዘጋጀ። ከመፈረሙ በፊት አንድ ጠንቃቃ ባልደረባ ከዘገባው ጀርባ ያለውን ሰንጠረዥ ገልጦ ባያይ ኖሮ፣ ደኅና ግንብ በእኔ ዓረፍተ ነገር ይፈርስ ነበር። «ኖት ኦል» ብዬ ብጀምር፣ ወይም ከሁሉ በተሻለ «ከዘጠኙ ሁለቱ ወደቁ» ብዬ በቁጥር ብጽፍ ነገሩ ባልተነሣ ነበር። ቁጥር በእጁ ያለው መሐንዲስ «ሁሉም»፣ «አንዳንዱ»፣ «አብዛኛው» እያለ የሚጽፍበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ እኔም ጽፌዋለሁ።

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደው ቃል፣ ወደ «ኤኒ» ደርሰናል። «ኤኒ» ማለት «ማንኛውም፣ የፈለግኸው» ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው «የፈለግኸው» የሚለው አንድ ጊዜ ምርጫን፣ አንድ ጊዜ ጠቅላላነትን ስለሚሰጥ ነው። «መሐንዲሱ ማንኛውንም የአፈር ንጣፍ ሊፈትን ይችላል» ቢባል ምርጫው የመሐንዲሱ ነው፤ ግልጽ ነው። «ተቋራጩ ማንኛውንም ንጣፍ መፈተን አለበት» ቢባል ግን አንዱን ከፈተነ ግዴታውን ፈጸመ ወይስ ሁሉንም ካልፈተነ አልፈጸመም? ስለዚህ በግዴታ ጊዜ «ኤቭሪ» ወይም «ኢች»፣ በመብትና በአሉታ ጊዜ «ኤኒ» ብሎ መያዝ ይበጃል።

ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ተቀምጠው እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ከአሜሪካ የኮንክሪት ደንብ፣ ከኤሲአይ 318 የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ደንቡ ኮንክሪትን ለመቀበል ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ የማናቸውም ተከታታይ ሦስት ፈተናዎች አማካይ፣ እያንዳንዱ አማካይ፣ ከተወሰነው ጥንካሬ ያላነሰ እንዲሆን፤ ሁለተኛ፣ ጥንካሬው እስከ 35 ሜጋ ፓስካል በሆነ ኮንክሪት ማንም ነጠላ ፈተና ከተወሰነው በ3.5 ሜጋ ፓስካል በላይ እንዳይወርድ። በእንግሊዝኛው «ኤቭሪ»፣ «ኤኒ» እና «ኖ» ሦስቱም በየቦታቸው ተሰልፈዋል። የተወሰነው የሲሊንደር ጥንካሬ 25 ሜጋ ፓስካል ይሁንና፣ አምስት ፈተናዎች በተራ 28፣ 26፣ 23፣ 24 እና 29 ሰጡ እንበል። ከ21.5 በታች የወረደ ፈተና የለም፤ ሁለተኛው ሁኔታ ተሟልቷል። የአምስቱ አማካይ 26 ነው፤ ደስ ያሰኛል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አማካይ 25.7 ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት አማካይም 25.3 ነው። የመካከለኞቹ ሦስት፣ የ26፣ የ23 እና የ24 አማካይ ግን 24.3 ብቻ ነው። «ኤኒ» ማለት የፈለግሁትን ሦስት መርጬ ማሳየት ነው ብሎ የያዘ ሰው ይህን ኮንክሪት ያሳልፋል። ደንቡ ግን አያሳልፈውም፤ ጥንካሬውን ከፍ ለማድረግ እርምጃ እንዲወሰድ ያዝዛል። ምክንያቱም ከ«ኤኒ» በላይ «ኤቭሪ» ተቀምጧል፤ ምርጫው የአንተ ሳይሆን የተቃዋሚህ ነው፤ እሱ የትኛውንም ሦስት ቢያነሣ ሊያልፍ ይገባዋል ማለት ነው። የሒሳብ መምህሮቻችን «ለማንኛውም ቁጥር» እያሉ ያስተማሩን ይህንኑ ነበር። ወደ ውል ስንመጣ ግን ረሳነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ «ሰምዋን ሻል ቼክ ዘ ሌቭልስ» ብሎ በውል ውስጥ የሚጽፍ መሐንዲስ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ፊዲክም ቢሆን «መሐንዲሱ»፣ «ተቋራጩ»፣ «አሠሪው» የሚሉትን ትርጉማቸውን ወስኖ በትልቅ ፊደል የሚጽፈው ከዚህ ዓይነቱ ለመራቅ ነው። እኛ ግን በአማርኛ «የሚመለከተው አካል» የሚባል አለን። ይህ ሐረግ ተውላጠ ስም አይመስልም፤ ስምና ቅጽል ለብሶ የመጣ «ሰምዋን» ነው። «ቦዩን የሚመለከተው አካል እንዲያጸዳ» ተብሎ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ እኔ ራሴ ፈርሜአለሁ፤ ቦዩን ያጸዳ ሰው አላየሁም። ይባስ ብሎ ይህን ሐረግ ወደ እንግሊዝኛ መልሰን «ዘ ኮንሰርንድ ቦዲ» እያልን ለውጭ አገር አማካሪዎች እንልካለን፤ እነሱም ማን እንደ ሆነ ይጠይቁናል፤ እኛም እንደገና የሚመለከተውን አካል እንጠይቃለን።

ወደ መንገዳችን ልመለስ። በመጨረሻ የሁለቱ ወገን ስምምነት ተደርጎ የዳገቱ ጎን ቦይ በተጨማሪ ሥራ ትእዛዝ ተቆፈረ፤ ድንጋዩም በተለየ ዋጋ ተከፈለ። ይህ ወጪ በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ ሊገባ ይችል የነበረ ነው። የጠጠሩ መንገድ ከዚያ ወዲህ ክረምቶችን ችሏል። የገበሬው የገብስ ማሳ ካሣ ግን ሌላ ጉዳይ ሆነ። አሠሪው የተቋራጩ ጥፋት ነው አለ፤ ተቋራጩ የሥራ ዝርዝሩ ጥፋት ነው አለ፤ ሁለቱም «ከሁለቱ አንዱ» መክፈል እንዳለበት ይስማማሉ። ይኸው «ኢዘር» ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ሽማግሌው የዚያን ዓመት ምርት ሳያገኙ ቀርተዋል፤ ማሳቸው ላይ የተራገፈውን ጠጠር ከልጆቻቸው ጋር በእጃቸው ለቅመው አውጥተውታል፤ እኔም አንድ ቀን አብሬ ለቅሜአለሁ፤ ይህን የምለው ለምስጋና አይደለም፣ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ነው።

ለሚቀጥለው የመንገድ ሥራ በተዘጋጀው ረቂቅ ላይ የቦዩን ዓረፍተ ነገር የመጻፍ ተራ ለእኔ ደርሶ ነበር። «ኢዘር» የሚለውን ሰረዝሁት። «ቦዝ» ብዬ ጻፍሁ፤ ቀጥሎም «በዳገቱም በቁልቁለቱም ጎን» የሚል ጨመርሁ፤ የእያንዳንዱን ጎን ርዝመት በሜትር አስገባሁ፤ የቁርጥ ሥዕሉም በሙሉ እንዲሳል ጠየቅሁ። ረቂቁን የገመገመው ባልደረባዬ ዓረፍተ ነገሩ ረዘመ፣ እንግሊዝኛውም አላማረም ብሎ በኅዳጉ ላይ ጽፎብኛል። ልክ ነው፤ አላማረም። እንዳለ እንዲያልፍ ለምኜ አሳልፌዋለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም በቦይ በኩል የደረሰባችሁ፣ ብትናገሩ ደስ ይለኛል።